ልጆችን ይዞ ጓሳ ላይ ማደር፦ ዕቅዱን ከሌሊቱ ጀምሩ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። በጥር መጨረሻ፣ ልጆቹ የግማሽ ዓመት ዕረፍት ሲወጡ፣ መንዝ ጓሳ ሄደን ሁለት ሌሊት በድንኳን ለማደር አስበናል። ልጆቻችን የ4፣ የ9 እና የ13 ዓመት ናቸው። የ66 ዓመት እናቴም አብራን ትመጣለች፤ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። የባለቤቴ ወንድም በዋዜማው ከአዳማ መጥቶ ይቀላቀለናል። ማናችንም በድንኳን ተኝተን አናውቅም። ብርዱ ለልጆቹ አይከብድም ወይ? ጅብስ አያሰጋም? በቀን ስንት ሰዓት ብንራመድ ይሻላል? ለማሞቂያ ከሰልና ምድጃ እንይዛለን።»

ሂዱ። ልጆች ይዞ ለሚጓዝ ሰው ከሰሜን ሸዋ ደጋ ሁሉ ጓሳን የማስቀድመው ያለ ምክንያት አይደለም። መኪና አጠገቡ ድረስ ይደርሳል፣ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ጭላዳን ለማየት የአራት ዓመት ልጅ ጉልበት ይበቃል። ከዕቅዳችሁ ግን ሦስት ነገር እንድትለውጡ እለምናችኋለሁ። የመጀመሪያዋን ሌሊት ጓሳ ሳይሆን ደብረ ብርሃን እደሩ። እናትዎ በድንኳን ሳይሆን ቤት ውስጥ ይተኙ። ከሰሉ ደግሞ ድንኳን ውስጥ ፈጽሞ አይግባ።

ቤተሰቦችን እየመራሁ ወደ ሸዋ ደጋ ስወጣ የማስተውለው፣ ሰው የሚዘጋጀው ለቀኑ መሆኑን ነው። ጫማ ይገዛል፣ ኮፍያ ይመርጣል፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚራመድ ያሰላል። ቀኑ ግን ብዙም አያስቸግርም፤ ፀሐይ አለ፣ እንቅስቃሴ አለ፣ የልጆች ደስታ አለ። ጉዞ የሚበላሸው ሌሊት ነው። ሲንቀጠቀጥ ያደረ ልጅ በማግሥቱ ቀይ ቀበሮ ከፊቱ ብትቆም እንኳ ቀና ብሎ ለማየት አቅም አይኖረውም። ስለዚህ ከሌሊቱ ልጀምር።

ሌሊቱ የሚከብደው በከፍታና በብርድ ነው። ከፍታውን ሰዎች ስለማያዩት ይንቁታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትርን አልፋለች። ጓሳ ደግሞ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። እዚያ ላይ አንድ ጊዜ ስንተነፍስ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ከሚገኘው ሁለት ሦስተኛው ያህል ነው። ሰውነት ይህንን ይለምዳል፤ ለመልመድ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜው የሚቆጠረውም በተኛንበት ከፍታ ነው። በሕክምናው ዘንድ የተለመደው ምክር ከ3,000 ሜትር በላይ ሲኮን የመኝታ ከፍታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ነው። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ በዚያው ዕለት ጓሳ ብታድሩ ጭማሪው 900 ሜትር ገደማ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ብታድሩ ግን ልዩነቱ ለሁለት ይከፈላል።

ከሁላችሁ ይልቅ የምሰጋው ለባለቤትዎ ወንድም ነው። አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እሱ በአንድ ቀን የሚጨምረው ከፍታ የእናንተን እጥፍ ያህል ነው። ወጣትና ጠንካራ መሆን ከከፍታ ሕመም አያድንም፤ እንዲያውም ጠንካራው ሰው ዕቃ ተሸካሚው፣ ልጆች አባራሪው እሱ ስለሚሆን ቀድሞ ይታመማል። ጉዞው ከመጀመሩ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ አዲስ አበባ እናንተ ዘንድ ይምጣ። ጓሳ በደረሳችሁበት ቀንም ድንኳን መትከሉን ሌላ ሰው ያግዘው።

ምልክቶቹ ብዙ ጊዜ ከደረሱ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ፣ በተለይም በመጀመሪያዋ ሌሊት ይመጣሉ፦ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ድካም፣ እንቅልፍ እምቢ ማለት። ትልልቆቹ ይናገራሉ። የአራት ዓመቱ ልጅ ግን «ራሴን አመመኝ» ላይል ይችላል። እሱ የሚያሳየው ነገር ያለ ምክንያት መነጫነጭ፣ የሚወደውን ምግብ መግፋት፣ መጫወት ማቆም ነው። ከፍታ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ «ደክሞት ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ ከፍታው ነው ብላችሁ ያዙት። ውኃ ይጠጣ፣ ይረፍ፣ ለዕድሜው የሚሆን የሕመም ማስታገሻ ይውሰድ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ አይውጣ። ካልተሻለው መድኃኒቱ መውረድ ነው። ከጓሳ ተመልሳችሁ የጣርማ በርን ዋሻ ካለፋችሁ በኋላ ወደ ደብረ ሲና ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ያለው መንገድ በፍጥነት ቁልቁል ስለሚወስድ ዕድለኞች ናችሁ፤ ሸዋ ሮቢት ከ1,300 ሜትር ብዙም አትርቅም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ ካጠረው፣ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ግን ጎህ እስኪቀድ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት አውርዳችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ለዚህም ሲባል መኪና የሚነዳው ሰው በጓሳ ሌሊቶች አረቄም ሆነ ጠላ አይቅመስ፤ የመኪናው ቁልፍም የት እንደሚቀመጥ ሁለት ሰው ይወቅ።

አሁን ወደ ብርዱ። በጥር የጓሳ ሰማይ የጠራ ነው፤ ቀን ላይ ጃኬት የሚያስወልቅ ፀሐይ ይኖራል። ሰማይ ሲጠራ ግን መሬት ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት የሚያስቀርለት ደመና ያጣል። ፀሐይ እንደጠለቀች ብርዱ ባንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከዜሮ በታች ይገባል፤ ንጋት ላይ ውርጩ የጓሳውን ሣር አንጥፎበት ታገኙታላችሁ። ልጆቹ ይችሉታል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሴ፣ ከሥራቸው ያለውን መሬት ካሸነፋችሁት ይችሉታል ነው።

ሰው ብርድ ከላይ የሚመጣ ስለሚመስለው ብርድ ልብስ ይደራርባል። በድንኳን ውስጥ ግን ሙቀት የሚጠፋው ይበልጡን ወደታች ነው፤ ከጎናችን ሥር የተጨፈለቀ ብርድ ልብስ አየር ስለማይይዝ አያሞቅም። ስለዚህ ከላይ ለሚለበሰው ከምታወጡት ገንዘብና ቦታ ግማሹን ለሚነጠፈው አውሉት። በአየር የሚነፋ ፍራሽ ለምቾት ጥሩ ነው፤ ለብርድ ግን ብቻውን አይበቃም፣ በውስጡ ያለው አየር ከመሬቱ ጋር አብሮ ይቀዘቅዛል። ከታች ፕላስቲክ ሸራ፣ በላዩ ጠንካራ ስፖንጅ፣ በስፖንጁ ላይ አጎዛ አድርጉ። አጎዛን የማነሳው ለጌጥ አይደለም። ለትንሹ ልጅ ከየትኛውም የገበያ ምንጣፍ አስበልጬ የምመርጠው እሱን ነው፤ ጸጉሩ ሲተኙበትም አየር ይዞ ይቆያል። ቤታችሁ ካለ ይዛችሁ ውጡ።

ስለ ልብስም እንዲሁ። ጋቢ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ ከምድጃ ዳር ለመቀመጥ ወደር የለውም፤ ነገር ግን ጥጥ ነውና ላብ ወይም ጤዛ ሲነካው ሙቀቱን ይተዋል፤ ከተነከረ በኋላ ቶሎ አይደርቅም። ጂንስ ሱሪም እንዲሁ ነው። መንዞች በርኖስና ባና ከበግ ጸጉር የሚሠሩት ይህን ስለሚያውቁ ነው፤ የበግ ጸጉር ርጥበት ቢነካውም ሙቀት አይነፍግም። ሥጋ ላይ የሚለበሰው ቶሎ የሚደርቅ ይሁን፣ በላዩ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት። ከልጆቹ ልብስ አንድ ሙሉ ቅያሪ፣ ካልሲና የሹራብ ኮፍያ ጭምር፣ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ «የመኝታ» ብላችሁ ለዩት፤ ቀን ላይ ማንም አይንካው። ቀን የዋለበትን ካልሲ እንዳደረገ የሚተኛ ልጅ ቢደርቅ እንኳ በላቡ ርጥበት እግሩ ሲቀዘቅዝ ያድራል። ከመኝታ በፊት የፈላ ውኃ በጠንካራ ጠርሙስ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ በካልሲ ጠቅልላችሁ እግራቸው ሥር ብታስገቡ ሌሊቱን ግማሽ ያህል ያሞቃል። ለሦስቱ ልጆች ሦስት ጠርሙስ።

የመኝታ ከረጢት ከተከራያችሁ ወይም ከተዋሳችሁ፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን የሙቀት ልክ ተመልከቱ። «ለ0 ዲግሪ» የሚል ከሆነ ለጥር ጓሳ ብቻውን አይበቃም፤ ብርድ ልብስ ይደረብበት። ትንሹን ልጅ በአዋቂ ከረጢት ውስጥ ለብቻው አታስተኙት፤ ተንሸራቶ ፊቱ ውስጥ ይገባል። በእናትና በአባት መካከል ይተኛ። የድንኳኑን የአየር ማስገቢያ ደግሞ እንዳትዘጉት። ይህ ለብዙዎች አይዋጥም፤ ብርድ እያለ መስኮት መክፈት ሞኝነት ይመስላል። የተዘጋ ድንኳን ውስጥ ግን የአራት ሰው ትንፋሽ በሸራው ላይ ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ ብርድ ልብሱን ያረጥበዋል፤ ያኔ ብርዱ ይብሳል።

ከሰሉን እዚህ ላይ ላንሳው፤ ከሁሉ ነገር አጥብቄ የምለምናችሁ ስለ እሱ ነው። ብዙ ቤተሰብ ቡና ከተፈላ በኋላ ፍሙ አመድ ለብሶ ስታዩት የሞተ የሚመስለውን ምድጃ «ትንሽ ይሙቅልን» ብሎ ወደ ድንኳን ያስገባዋል። ጭስ የለውም፣ አይሸትም፣ ልጆቹ ይሞቃቸዋል። ነገር ግን ጭስ የሌለው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደማችን ጋር ደግሞ ከኦክስጅን ይልቅ ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። አንዴ ከተጣበቀ ኦክስጅን ቦታ ያጣል። ጓሳ ላይ አየሩ አስቀድሞ ኦክስጅን ያነሰው ስለሆነ ሰውነት ለዚህ የሚሆን ትርፍ አቅም የለውም። የሚያስፈራው ምልክቱም ነው፦ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት። በስሜቱ ብቻ ከከፍታ ሕመም አይለይም፤ ሰው «ከፍታው ነው» ብሎ ይተኛል፤ አይነሳም።

መለያ የሚሆናችሁ አንድ ነገር አለ። የከፍታ ሕመም ሰው ይመርጣል፤ አንዱን አሞ ሌላውን ይተዋል። በአንድ ድንኳን ያሉት ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ከውስጥ የሚነድ ነገር ካለ ወይም ከነበረ፣ ምንም ሳትመራመሩ ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ። ልጆችና ሕፃናት ቶሎ ይጎዳሉ። መስኮት ከፍቼ ብጠቀምስ የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ አይሆንም። ደጃፍ ላይ ብናስቀምጠውስ? እሱም አይሆንም፤ ነፋስ ጋዙን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። የጋዝ ምድጃም በድንኳን ውስጥ አይለኮስ። መኪና ውስጥ ሞተር አስነስቶ መተኛትም በዚሁ ይመደባል። ቡናውን ውጭ፣ ከድንኳኑ ራቅ ብላችሁ፣ ነፋሱ ወደ ድንኳኑ ሳይሆን ወደ ሜዳው በሚሄድበት በኩል አፍሉ፤ ስትጨርሱ ፍሙን በውኃ አጥፍታችሁ፣ አመዱ በእጅ ሲነካ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አማስሉት። በደረቁ ወራት ጓሳው ራሱ ለእሳት የተጋለጠ ስለሆነ እሳት የሚነደው በተፈቀደው ቦታ ብቻ ነው፤ ማገዶም ከዚያው አይለቀምም።

ይህን ሁሉ ጓሳ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሞከር ይልቅ ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ግቢያችሁ ውስጥ ድንኳን ተክላችሁ አንድ ሌሊት እደሩ። ግቢ ከሌላችሁ የዘመድ ግቢ ለምኑ። ምን እንደጎደለ፣ የትኛው ዚፕ እንደማይዘጋ፣ ትንሹ ልጅ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሳ በዚያች ሌሊት ታውቃላችሁ። የአዲስ አበባ ጥር ሌሊት ከበረዳችሁ ጓሳ ላይ ስድስትና ሰባት ዲግሪ እንደሚብስ አስቡና ጨምሩ።

ምግብ ላይ ብዙ አልቆይም፤ የአገሩ ስንቅ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። ልብ ማለት ያለባችሁ ውኃ ጓሳ ላይ በ89 ዲግሪ ገደማ መፍላቱን ነው። ስለዚህ ባቄላ ወይም ምስር ጥዳችሁ ልጆችን በረሃብ አታስጠብቁ፤ ወይ አብስላችሁ ውጡ፣ ወይ ግፊት ያለው ድስት ያዙ። ለመጀመሪያው ማታ ቋንጣ ፍርፍር በድርቆሽ ከሁሉ ይቀላል። ጠዋት የአጃ ገንፎ ወይም የአጃ ሾርባ። በመንገድ ላይ ለሚታኘከው ቆሎና ዳቦ ቆሎ፤ ለልጆቹ ጭኮ። ጭኮ ቅቤ ስላለው ማታ ከመተኛታቸው በፊት አንድ ሁለት ጉርሻ ቢያገኙ ሰውነታቸው ሌሊቱን የሚያነደው ያገኛል። የምንጭ ውኃ ንጹሕ ቢመስልም መፍላት ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ፤ ከብት የሚውልበት አገር ነው። ከፍታ ላይ ጥማት ሳይሰማ ውኃ ይጠፋል፤ ፔርሙዝ ውስጥ የጦስኝ ሻይ ካለ ልጆች ያለ ልመና ይጠጣሉ።

ስለ እግር ጉዞው። ስንት ሰዓት የሚለውን የሚወስነው ትንሹ ልጅ ነው፤ ለእሱ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በላይ፣ እያረፈ እንኳ፣ አይመከርም። የ13 ዓመቱ ግን ይሰለቻል። መፍትሔው ገና ከጠዋቱ በስምምነት ለሁለት መከፈል ነው፤ ትልቁ ከአጎቱና ከአካባቢው ጥበቃ ወይም መሪ ጋር አራት አምስት ሰዓት ይሂድ፣ የቀራችሁት ከማረፊያው ሳትርቁ ዋሉ። አንዱ ቡድን በየት እንደሚሄድና በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ለሌላው ነግሮ ይነሳ። መንገድ ላይ ሳይታሰብ መበታተን ግን አይደረግ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንገቱ ላይ ፊሽካ እሰሩለት፤ ከጠፋ ባለበት ቆሞ እንጂ እየሄደ አይነፋም። የስልክ ኔትወርክ በየሸንተረሩ ስለሚቆራረጥ በስልክ እንገናኛለን ብላችሁ አትመኩ።

ማለዳውን አታባክኑት። ጭላዳዎች ሌሊቱን የሚያሳልፉት በምሥራቅ በኩል ባለው ገደል ላይ ነው። ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ጀምሮ፣ እየተንጠለጠሉ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። መጀመሪያ ጫፉ ላይ ጥቂቶቹ ቁጭ ብለው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ እናቶች ግልገሎቻቸውን ይፈትሻሉ። ከዚያ መንጋው ይሰፋል፤ አንዳንድ ቀን በመቶዎች የሚቆጠሩ በአንድነት ይታያሉ። መቀመጫቸውን ሳያነሱ እየተንፏቀቁ ሣሩን በሁለት ጣት ሲነቅሉት ድምፁ ይሰማል። ልጆቹን ሃያ ሜትር ያህል ርቃችሁ መሬት ላይ አስቀምጧቸውና ዝም በሉ፤ ጭላዳው ራሱ ይቀርባል። ምግብ በፍጹም አታሳዩአቸው፤ አንዴ ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጭላዳ የገበሬውን ገብስ ሊደፍር ነው። ወንዱ ላይኛ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ካሳየ ቀስ ብላችሁ ወደኋላ በሉ።

መንጋውን ስታዩ መሃሉንም ተመልከቱ። ቀይ ቀበሮ በመካከላቸው ስትመላለስ ልትታይ ትችላለች። ጭላዳዎቹ ሌላ አዳኝ ሲያዩ ይሸሻሉ፤ እሷን ግን ግልገል እስካልነካች ድረስ ይታገሷታል። እዚያው ጓሳ ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው አይጥና ፍልፈል ስታድን ከጭላዳ መሃል ከሆነች ከመቶ ሙከራዋ 67ቱ ይሰምርላታል፤ ብቻዋን ስትሆን 25ቱ። የዘጠኝ ዓመቷ ወይም የዘጠኝ ዓመቱ ልጃችሁ ይህን ቆጥሮ እንዲፈትን ደብተርና እርሳስ ስጡት፤ ከማንኛውም መጫወቻ በላይ ይይዘዋል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው። የሚፈጃቸው ዋናው ነገር ከውሻ የሚጋባ የእብድ ውሻ በሽታ ስለሆነ፣ ውሻችሁን ይዛችሁ ለመምጣት ካሰባችሁ፣ ቢከተብም ባይከተብም፣ እባካችሁ ቤት ተዉት።

ገደሉን ግን እፈራዋለሁ። ጫፉ ላይ ያለው ሣር አንዳንድ ቦታ ከሥሩ ባዶ ነው፤ ከላይ ሜዳ ይመስላል። ለልጆች «ተጠንቀቁ» ማለት አይበቃም፤ ከጫፉ አሥር የአዋቂ እርምጃ ላይ ድንጋይ አስቀምጣችሁ «ከዚህ ወዲያ የለም» በሉ፤ ትንሹ በእጅ ይያዝ። ሜዳውም ቢሆን ሣሩ ጉብ ጉብ ያለ ነው፤ በመካከሉ ፍልፈል የቆፈረው መሬት እግር ሲያርፍበት ይደረመሳል። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ የምለው ለዚህ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ደግሞ ከቆላው ጉም ተነስቶ ገደሉን እያለበሰ ሊወጣ ይችላል፤ ጉሙን ዝቅ ብሎ ስታዩት ከጫፉ ራቁና ወደ ማረፊያው ተመለሱ። ፀሐዩም እንዳያታልላችሁ፤ ብርድ ቢሆንም ቆዳና ከንፈር ያቃጥላል፤ ሰፊ ኮፍያና ቅባት ያስፈልጋል።

ጅብ አለ፤ ሌሊት ሲጮኽ ልትሰሙት ትችላላችሁ። በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ያሉ ሰዎችን ብዙ ጊዜ አይደፍርም፤ የሚጠራው የምግብ ሽታ ነው። ስለዚህ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ያልታጠበ ድስትና ቆሻሻ ሁሉ ማታ መኪና ውስጥ ይቆለፍ፤ የቆዳ ጫማም ውጭ አይደር። ልጅ ሌሊት ለሽንት ሲወጣ አዋቂ ባትሪ ይዞ አብሮ ይውጣ። መጸዳጃ በሌለበት ቦታ ከሆናችሁ ከምንጭና ከወንዝ ቢያንስ ስድሳ ሜትር ርቃችሁ፣ አንድ ስንዝር ቆፍራችሁ፣ መልሳችሁ ድፈኑት፤ ሶፍቱን ግን በፌስታል ይዛችሁት ተመለሱ። ከጓሳ የሚፈልቀው ውኃ በአንድ ወገን ወደ ዓባይ በሌላው ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ ከታች የሚጠጣው ሰው አለ።

ልጆቹ ሣር እንዳይነቅሉ ስትከለክሉ ምክንያቱን ንገሯቸው። መንዞች የጓሳውን ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለግጦሽ ሲጠቀሙበት ቀሮ በሚባል ሥርዓት ከአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በየተራ እየዘጉና እየከፈቱ ጠብቀው አቆዩት። ባለአባቶቹ አስቦና ጌራ እንደሆኑ ይተረካል። ለዓመታት ይዘጋል፤ ሽማግሌዎች በቃ ሲሉ ይከፈታል። በ1967 ዓ.ም. ከወጣው የመሬት አዋጅ በኋላ የቀሮው ሥርዓት ቢፈርስም ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ ቀጥሎበት ዛሬ በሕግ የታወቀ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኗል። የምትከፍሉት የመግቢያና የመሪ ክፍያ ለዚያው ነውና ደረሰኝ ተቀብላችሁ ደስ ብሏችሁ ክፈሉ። ከጥበቃዎቹ አንዱን ደግሞ ማታ ቡና ላይ ጋብዙት፤ ልጆቻችሁ ከመጽሐፍ የማያገኙትን ከሱ ይሰማሉ።

ስለ እናትዎ። ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ ግፊታቸው በመድኃኒት የተረጋጋ ከሆነ ብዙ ጊዜ አይከለከሉም፤ ውሳኔው ግን የሐኪሙ ነው። መድኃኒታቸው በእጅ ቦርሳቸው ይሁን እንጂ ሻንጣ ውስጥ አይቀበር፤ ለተጨማሪ ሦስት ቀን የሚሆንም ይያዝ። ጓሳ ላይ የማኅበረሰቡ የእንግዳ ማረፊያ ስላለ እሳቸው እዚያ ይተኙ፤ እናንተ አጠገቡ ድንኳን ትተክላላችሁ። ይህ ለእናንተም መድን ነው፤ ትንሹ ልጅ ሌሊት አልችል ካለ አያቱ ዘንድ ይገባል። ክፍሉን ሳትይዙ ግን አትነሱ።

መንገዱ ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ነዳጅ ሙሉ፣ የመለዋወጫ ጎማውን ነፋስ አስለኩ፤ ከዚያ ጣርማ በር ስትደርሱ፣ ዋሻው ውስጥ ሳትገቡ፣ ወደ መሐል ሜዳ ወደሚወስደው ትታጠፋላችሁ። ከደብረ ብርሃን በኋላ ያለው ርቀት ከመጀመሪያው ጋር ቢቀራረብም ጊዜው ይረዝማል፤ ጠዋት ተነስታችሁ እኩለ ቀን ላይ ብትደርሱ ድንኳኑ በፀሐይ ይተከላል። አካባቢው ባለፉት ዓመታት ሰላም ያጣባቸው ጊዜያት ነበሩና ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት፣ እንደገናም በመነሻችሁ ዋዜማ፣ ደብረ ብርሃንና መሐል ሜዳ ላሉ ሰዎች ደውላችሁ መንገዱን ጠይቁ። አጥጋቢ መልስ ካላገኛችሁ ዕረፍቱን ሌላ ቦታ አሳልፉት። ትንሹ ልጅ በዋዜማው ትኩሳት ወይም የደረት ሳል ከያዘውም እንዲሁ አድርጉ። የበልጉ ዝናብ አንዳንድ ዓመት ቀድሞ ጠብ ሊል ስለሚችል የዝናብ ልብስ አይቅር።

በመመለሻችሁ ቀን ድንኳኑን ውርጩ ሳይቀልጥ አትጠቅልሉት፤ ፀሐይ ይምታውና ይድረቅ፣ ያለዚያ ቤት ገብቶ ይሻግታል። ያን ጊዜ ልጆቹ ጭላዳዎቹን ለመጨረሻ ጊዜ ያያሉ። ከአራት ሰዓት ሳያልፍ ግን ተነሱ፤ የጣርማ በርን መንገድ ከቀትር በኋላ ጉም ሊሸፍነው ይችላል፤ በዚያ ጠመዝማዛ ላይ የደከሙ ልጆች ጭኖ በጉም መንዳት አይመከርም።